ከከሰል መርከብ እስከ ካፒቴንነት፦ የጄምስ ኩክ የባሕር ሥራ

  ከባድ ቃል ስታገኙ አትቸኩሉ። ቆም በሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡ፣ ከዚያ ቀጥሉ። የማታውቁት የአገር ስም ቢያጋጥማችሁም አያስደንግጣችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። ስሙ ጄምስ ኩክ ይባላል። በ1728 ተወለደ፣ በ1779 ሞተ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሰው ለምን መረጥነው? የእርሻ ሙያተኛ፣ ማለት በሰው መሬት ላይ በደመወዝ የሚያርስ ሰው ልጅ ስለነበረ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ገመድ ሲስብ ይኖራል እንጂ መርከብ አያዝም ነበር። ኩክ ግን አዘዘ። እንዴት አድርጎ? ታሪኩ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ መርከቡን እንወቀው። በዚያ ዘመን ሞተር የለም። መርከብ የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ የሚሄደውም በነፋስ ነው። ከመርከቡ ወለል ላይ እንደ ድንኳን ተራዳ ያሉ ረጃጅም ምሰሶዎች ይቆማሉ። በምሰሶዎቹ ላይ ሰፋፊ ሸራ ይሰቀላል። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ መርከቡ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ ይቆማል። ነፋሱ ከፊት ለፊት ከመጣ ደግሞ አቀበት እንደሚወጣ ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ይጓዛል። ሸራውን ለመጠቅለል ሰው ምሰሶው ላይ ይወጣል፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ማዕበልም ቢሆን። እጁ ከለቀቀ አለቀለት። ትልቁ የጦር መርከብ ከ100 በላይ መድፍና ከ800 በላይ ሰው ይይዝ ነበር።

እነዚህን ሁሉ ሰዎች ማን ያዛቸዋል? ታች ያለው ተራው መርከበኛ ነው። ገመድ ይስባል፣ ወለል ያጥባል፣ ጦርነት ሲሆን መድፍ ይጎትታል። ወዶ የገባ አለ። በአፈሳ የተወሰደም አለ። አዎ፣ በአፈሳ። ጦርነት ሲመጣ የባሕር ኃይሉ ሰዎች ዱላ ይዘው በወደብ ከተሞች ይዞሩ ነበር። የባሕር ሥራ የሚያውቅ ወንድ ሲያገኙ እየጎተቱ መርከብ ውስጥ ይከቱታል። ሚስቱ እራት ሠርታ ስትጠብቀው እሱ ባሕር ላይ ነው። ሕጉም ይፈቅድላቸው ነበር።

ላይ ያለው መኮንኑ ነው። መኮንን ማለት በንጉሡ ስም የሹመት ደብዳቤ የተሰጠው ነው። በሌፍተናንት ይጀምራል፤ ከዚያ ኮማንደር፣ ከዚያ ካፒቴን ይሆናል። ካፒቴን ከሆነ በኋላ ወደ አድሚራልነት የሚወጣው በተራ ነው። ስሙ በዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ ከእሱ በላይ ያሉት ሲሞቱ እሱ ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው መኮንኖቹ ጽዋ ሲያነሱ ለከባድ ጦርነት ወይም ለበሽታ ዘመን ይጠጡ ነበር የሚባለው። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ ውስጥ እውነት አለበት።

በሁለቱ መካከል ባለሙያው አለ። አናጢው አለ፣ የሸራ ሠራተኛው አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማስተር የሚባለው ነው። ማስተር መርከቡ አሁን የት እንዳለ፣ ነገም በየት በኩል መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው ሰው ነው። ካፒቴኑ “ወደዚያ አገር እንሂድ” ይላል፤ መንገዱን የሚያሳየው ማስተሩ ነው። ደመወዙ ደህና ነው፣ ክብርም አለው። የንጉሡ ሹመት ግን የለውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ማስተር እንደሆነ ያረጃል።

ታዲያ መኮንን ለመሆን ምን ያስፈልግ ነበር? በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ጥሩ ነው። እጩው ስድስት ዓመት በባሕር ላይ መቆየት አለበት፣ ዕድሜው 20 መሙላት አለበት፣ በካፒቴኖች ፊት ቀርቦ በቃል መፈተን አለበት። ፈተና መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ የምድር ጦር የእግረኛና የፈረሰኛ መኮንን ሹመት በገንዘብ ይገዛ ነበርና። ነገር ግን ስድስቱን ዓመት ለመጀመር ልጁን መርከቡ ላይ የሚቀበለው ካፒቴን ያስፈልጋል። ካፒቴን ደግሞ የሚቀበለው የወንድሙን ልጅ፣ የጓደኛውን ልጅ፣ የባለርስቱን ልጅ ነው። ፈተናውን ካለፈ በኋላም ሥራ የሚሰጠው የሚያውቀው ሰው ካለ ነው። ነገሩ ዘመድ ነው፤ ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሆሬሽዮ ኔልሰን የሚባል የቄስ ልጅ ነበር። በኋላ የታወቀ አድሚራል ሆኗል። የእናቱ ወንድም የመርከብ ካፒቴን ነበርና በ1771 ልጁን በ12 ዓመቱ መርከቡ ላይ ወሰደው። አጎትየው ቆይቶ በባሕር ኃይሉ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። ሕጉ 20 ዓመት ይላል ብለናል። ኔልሰን ግን በ1777 ሌፍተናንት ሲሆን ዕድሜው ገና 18 ነበር። በ20 ዓመቱ ካፒቴን ሆነ። ጎበዝ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ በጣም ጎበዝ ነበር። በሩ ግን ተከፍቶ ነው የጠበቀው።

አሁን ወደ ኩክ እንመለስ።

ኩክ የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር ግዛት፣ ማርተን በምትባል መንደር ነው። ቤተሰቡ ስምንት ልጅ ወልዷል። የአባቱ አሠሪ ቶማስ ስኮቶ የሚባል ባለርስት ነበር። ልጁ ፈጣን መሆኑን አይቶ የትምህርት ቤት ክፍያውን ከፈለለት። ኩክ ጥቂት ዓመት ተማረ፤ ማንበብ፣ መጻፍና መደመር መቀነስ ቻለ። ከዚያ በላይ ትምህርት ቤት አልገባም። በ16 ዓመቱ ገደማ ባሕር ዳር ባለች መንደር ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። ሱቁ አልተስማማውም። በ1746 ዊትቢ ወደምትባል ወደብ ሄዶ ጆን ዎከር ከሚባል የመርከብ ባለቤት ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ።

የዎከር መርከቦች የሚጭኑት የድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሜን እንግሊዝ ወደ ለንደን ያመላልሳሉ። ሥራው ቆሻሻ ነው፤ መንገዱም ክፉ ነው። ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ከሥር ያለው አሸዋ በየጊዜው ቦታውን ይቀያይራል። እዚያ መርከብ መምራት የቻለ ሰው ሌላ ቦታ አይቸገርም። ክረምት ሲሆን ወጣቶቹ ዎከር ቤት ያድሩ ነበር። ሲነገር በቆየው መሠረት የቤቱ ሠራተኛ ለኩክ ጠረጴዛና ሻማ እየሰጠችው ሌሎቹ ሲያወሩ እሱ የሒሳብና የመርከብ መምራት ትምህርቱን ያጠና ነበር ይባላል።

ዎከር ቤት ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በ1755 ዎከር አንድ መርከብ በኃላፊነት ሊሰጠው ፈለገ። ኩክ ግን ትቶ ሄዶ የባሕር ኃይሉ ውስጥ በተራ መርከበኛነት ተመዘገበ። ዕድሜው 26 ነው። ሰው ከአፈሳ በሚሸሽበት ጊዜ እሱ በእግሩ ሄዶ ገባ! ያቺን የከሰል መርከብ ትቶ ከታች መጀመሩ ለብዙ ሰው የእብድ ሥራ ሳይመስል አልቀረም። ሆኖም አንድ ወር ገደማ ሲሆነው አለቆቹ የማስተር ረዳት አደረጉት። በ1757 ፈተና አልፎ ማስተር ሆነ።

እንግዲህ ማስተር እንደሆነ ያረጃል ብለናል። ኩክን ከዚያ ያወጣው አንድ ጠረጴዛ ነው።

እንግሊዝና ፈረንሳይ በሰሜን አሜሪካ፣ ዛሬ ካናዳ በምትባለው አገር፣ ይዋጉ ነበር። በጁላይ 1758 ሉዊስበርግ የተባለው የፈረንሳይ ምሽግ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። በማግስቱ ኩክ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ። እዚያ አንድ የጦር መሐንዲስ በሦስት እግር የቆመ ትንሽ ጠረጴዛ ይዞ አየ። መሐንዲሱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ይልና ወደ ሩቅ ያያል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ መስመር ያሰምራል። ሳሙኤል ሆላንድ ይባላል። ኩክ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ሆላንድም አስረዳው።

ነገሩ ለእናንተም አይከብድም። ከዚህ ቆማችሁ ሩቅ ያለ አንድ ዛፍ ታያላችሁ እንበል። ወረቀቱ ላይ ከቆማችሁበት ነጥብ ወደ ዛፉ አቅጣጫ መስመር ታሰምራላችሁ። ከዚያ መቶ እርምጃ ለክታችሁ ወደ ጎን ትሄዳላችሁ። መቶውን እርምጃም በወረቀቱ ላይ አሳጥራችሁ ታሰምራላችሁ። ከአዲሱ ቦታ ደግሞ ወደዚያው ዛፍ ሁለተኛ መስመር ታሰምራላችሁ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ዛፉ ያለበት ቦታ ነው። ዛፉ ድረስ ሳትሄዱ ርቀቱን አወቃችሁ ማለት ነው። እንዲሁ እያላችሁ ቤቱን፣ ኮረብታውን፣ የወንዙን አፍ ብትጨምሩ ካርታ ሆነ።

ኩክ ይህን ሲማር የ29 ዓመት ሰው ነው። የመርከቡ አዛዥ ካፒቴን ሲምኮ ደግ ሰው ነበርና ሆላንድን ወደ መርከቡ ጋበዘው። በዚያ ክረምት የካፒቴኑ ክፍል የሥዕል ጠረጴዛ ተዘርግቶበት ትምህርት ቤት ሆነ። ውጭው በረዶ ነው። ኩክ ሒሳቡን፣ ስለ ከዋክብት የተጻፉትን መጻሕፍት፣ የካርታውን ሥራ እየተማረ ከረመ። ሲምኮ በ1759 ታሞ ሞተ፤ ያስተማረው ሰው የደረሰበትን አላየም።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መርከቦች ሴንት ሎውረንስ በሚባለው ታላቅ ወንዝ ወደ ኬቤክ ከተማ መውጣት ነበረባቸው። ወንዙ ውስጥ ድንጋይና አሸዋ አለ። ፈረንሳዮች መንገድ የሚያመለክቱትን ምልክቶች ነቅለው ወስደዋል። ኩክና ሌሎች ማስተሮች በጀልባ እየሄዱ ጥልቀቱን ለኩ። የሚለኩት በገመድ ጫፍ በታሰረ እርሳስ ነው። እርሳስ ስንል የምትጽፉበትን አይደለም፤ ከባዱን ማዕድን ነው። እርሳሱን ይጥሉታል፤ መሬት ሲነካ ገመዱ ላይ ያለውን ምልክት ያነባሉ። ከእርሳሱ ሥር ሞራ ይቀባል፤ አሸዋ ከሆነ አሸዋ፣ ጭቃ ከሆነ ጭቃ ይዞ ይወጣል። እንዲህ እየለኩ መንገዱን ምልክት አደረጉበት፤ መርከቦቹም አልፈው ኬቤክ ሥር ደረሱ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኩክ ኒውፋውንድላንድ የተባለችውን ትልቅ ደሴት ካርታ እንዲያነሣ ታዘዘ። ከ1763 እስከ 1767 በጋውን ደሴቲቱ ዳርቻ ላይ ይለካል፤ ክረምቱን ለንደን ተቀምጦ ይሥላል። ካርታዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላም ሲሠራባቸው ኖረዋል። በ1764 ይህን ሥራ ሲሠራ ባሩድ የያዘ ቀንድ እጁ ላይ ፈነዳ። ቀኝ እጁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ክፉኛ ቆሰለ። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ጠባሳውን አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

በ1768 የእንግሊዝ ሊቃውንት አንድ ነገር ፈለጉ። እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬኑስ በሚቀጥለው ዓመት በጁን ወር በፀሐይ ፊት ለፊት ልታልፍ ነበር። ይህን ከተለያየ የምድር ክፍል ሆነው ቢለኩ ፀሐይ ከእኛ ምን ያህል እንደምትርቅ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ ወደ ታሂቲ ደሴት፣ ሩቅ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ መርከብ መላክ አለበት። ሊቃውንቱ የራሳቸው ሰው ነበራቸው። የባሕር ኃይሉ ግን መርከቤን የውጭ ሰው አያዛትም አለ። የባሕር ኃይል ሰው ሆኖ ከዋክብት መለካት የሚችል ማን አለ? ኩክ አለ። ፀሐይ በ1766 ስትጋረድ ለክቶ የጻፈውን ሊቃውንቱ አሳትመውለት ነበር። በግንቦት 1768 ሌፍተናንት ሆነ። ዕድሜው 39 ነው። ኔልሰን በ18፣ ኩክ በ39።

የተሰጠችው መርከብ ኢንደቨር ትባላለች። ልብ በሉ፤ የከሰል መርከብ ነበረች፣ የተሠራችውም እዚያው ዊትቢ ነው። ርዝመቷ 32 ሜትር፣ ወርዷ 9 ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ውስጥ 94 ሰው ተጨናንቆ ሦስት ዓመት ሊጓዝ ነው።

በሩቅ ጉዞ ላይ መርከበኛን ከጠላት ይልቅ የሚጨርሰው ስከርቪ የሚባል በሽታ ነበር። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ለብዙ ወር ያልበላ ሰው ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ የዳነ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፣ ከዚያ ይሞታል። ኩክ በርሜል በርሜል የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጫነ። መርከበኞቹ ግን አንበላም አሉ። ያልለመዱትን ማን ይበላል? ኩክ ምን አደረገ? ጎመኑ በየቀኑ ለመኮንኖቹ ገበታ እንዲቀርብ አዘዘ፤ ለተራዎቹ “የፈለገ ይብላ፣ ያልፈለገ ይተው” አለ። ሳምንት ሳይሞላ ጎመኑን ሁሉም ስለፈለገው መመጠን ግድ ሆነ። ይህን በጉዞ መዝገቡ ላይ ራሱ ጽፎታል። ብልሃተኛ ነበር እንዳትሉ ብቻ፣ ጨካኝም ነበር። ሄንሪ ስቲቨንስና ቶማስ ደንስተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ትኩስ ሥጋ አንበላም ቢሉ እያንዳንዳቸውን 12 ጅራፍ አስገርፏቸዋል። ደግሞም ኩክ በሽታውን የሚከላከለው የብቅል መጠጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። ትክክል አልነበረም፤ መድኃኒቱ እንደ ሎሚ ያለው ነው። የባሕር ኃይሉ ለመርከበኛ ሁሉ የሎሚ ጭማቂ መስጠት የጀመረው በ1795 ነው። እስከዚያ ብዙ ሰው ሞቷል።

ጁን 3 ቀን 1769 ታሂቲ ላይ ቬኑስን ለኩ። ከዚያ ኩክ ታሽጎ የተሰጠውን ሁለተኛ ትእዛዝ ከፈተ። ወደ ደቡብ ሂድ፣ ያልታወቀ አገር ፈልግ፣ በነዋሪው ፈቃድ በንጉሡ ስም ያዝ ይላል። በነዋሪው ፈቃድ የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ከታሂቲ ሲነሣ ቱፓያ የሚባል ሰው አብሮት ተሳፈረ። ቱፓያ ከራያቴአ ደሴት የመጣ ካህንና የባሕር መንገድ አዋቂ ነው። ፊደል አልነበረውም። ነገር ግን በዙሪያው ያሉትን ደሴቶች ስምና አቅጣጫ በቃሉ ያውቅ ነበር። እንግሊዞቹ በጠየቁት ጊዜ 74 ደሴቶች ያሉበት ካርታ አሠራላቸው። ኮከቡን፣ ነፋሱን፣ የማዕበሉን አመጣጥ እያየ ነው የሚያውቀው። መርከቡ ኒውዚላንድ ሲደርስ ደግሞ የቱፓያ ቋንቋ ከአገሬው ከማኦሪዎች ቋንቋ ጋር የሚቀራረብ ሆነና ተርጓሚ ሆነላቸው። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ጉዞ ሁለተኛ መሪ እሱ ነው። በኩክ መጽሐፍ ስሙ ይነሣል፤ በባሕር ኃይሉ የሹመት ዝርዝር ውስጥ ግን የለም።

ኒውዚላንድ ላይ ገና በመጀመሪያው መውረድ፣ በኦክቶበር 1769፣ የኩክ ሰዎች ቴ ማሮ የሚባል ማኦሪ በጥይት ገደሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ሌሎችም ሞቱ። ኩክ በመዝገቡ ላይ ተጸጽቶ ጽፏል፤ ተኩሱ ግን አልቆመም። በ2019 የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ እዚያው ቦታ ሄዳ ለሟቾቹ ዘሮች ሐዘኗን ገልጻለች። ኩክ ከዚያ ስድስት ወር ያህል የኒውዚላንድን ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ዙሪያ ዞሮ ካርታቸውን አነሣ።

ቀጥሎ የአውስትራሊያ ምሥራቅ ጠረፍ ነው። ጁን 11 ቀን 1770፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት፣ ጨረቃ በወጣችበት፣ መርከቧ ከባሕር ሥር ካለ ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ቆመች። ውሃ መግባት ጀመረ። ለማቅለል ስድስት መድፍ፣ ድንጋይ፣ በርሜል፣ በጠቅላላው ከ40 ቶን በላይ ወደ ባሕር ጣሉ። መኮንኑም ሊቁም በተራ ውሃ መቅጃውን ያንቀሳቅስ ነበር። ከ20 ሰዓት በላይ ከቆዩ በኋላ ባሕሩ ሲሞላ መርከቧ ተንሳፈፈች። አሁን ደግሞ ቀዳዳው አለ። አንድ ወጣት እጩ መኮንን ዘዴ ያውቅ ነበር። በአሮጌ ሸራ ላይ የገመድ ጭረትና ሱፍ ሰፉበት፣ እበት ለጠፉበት፣ ከመርከቧ ሥር አሳልፈው ጎተቱት። ውሃው ራሱ ሸራውን ወደ ቀዳዳው ሳበውና ደፈነው። ወደ ወንዝ አፍ አስገብተው ሲያዩ አንድ ትልቅ የቋጥኝ ስባሪ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቶ አገኙ። እሱ ባይሰካ መርከቧ ትሰጥም ነበር። የተጣሉት መድፎች በ1969 ከባሕር ወጥተዋል።

ኦገስት 22 ቀን 1770 ኩክ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ባንዲራ አቁሞ መላውን ምሥራቅ ጠረፍ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው አለ። ነዋሪዎቹ በአስር ሺህ የሚቆጠር ዓመት የኖሩበት አገር ነው። በነዋሪው ፈቃድ የሚለው ቃል ምን ሆነ? ማንም አልተጠየቀም። እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን መሬት ሲረግጡ ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው አትውረዱ ብለዋቸው ነበር፤ ኩክ ተኮሰባቸው። በ1788 እንግሊዞች እስረኞችን ይዘው መጥተው ሰፈሩ። አገሩ ባለቤት እንደሌለው ባዶ መሬት ተቆጠረ። የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህ ስህተት ነበር ብሎ የፈረደው በ1992 ነው። አንድ ወረቀት እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል። ያንን ካርታ ሲሥል የነበረው እጅ ሰነፍ እጅ አልነበረም፤ እያንዳንዷን ጥግ በትክክል ለክቷል። ሰዎቹን ግን አልጠየቀም።

መርከቧን ለማስጠገን ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ወደ ባታቪያ ሄዱ። በስከርቪ ያልሞተው ሰው እዚያ በወባና በተቅማጥ አለቀ። እዚያና በመመለሻው መንገድ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ቱፓያም እዚያው ሞተ። ኩክ በጁላይ 1771 አገሩ ገባ፤ ኮማንደር ሆነ።

ሁለተኛው ጉዞ ከ1772 እስከ 1775 ነው። በዚህ ጉዞ ከሁሉ የሚገርመኝ አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ሰዓት ናት። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ሰዓታችሁ የእንግሊዝን ጊዜ ይዛለች እንበል። እናንተ ባሕር መካከል ሆናችሁ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ለእናንተ ቀትር፣ 6 ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቷን ስታዩ 10 ሰዓት ትላለች። ልዩነቱ አራት ሰዓት ነው። አራት ጊዜ 15 ደግሞ 60 ይሆናል። ስለዚህ ከእንግሊዝ 60 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ናችሁ። እስከዚያ ድረስ ግን በሚናወጥ መርከብ ላይ ጊዜ ሳያዛባ የሚሠራ ሰዓት ብርቅ ነበር። ኩክ የሞከረው የጆን ሃሪሰንን ሰዓት አስመስሎ ላርከም ኬንዳል የሠራውን ነው፤ ሥራውንም አመስግኖ ተመለሰ። ከደቡብ በረዶ ውስጥ ማንም ካልደረሰበት ቦታ ደርሶ ነበር። በኦገስት 1775 ካፒቴን ሆነ። ዕድሜው 46። ጡረታ የሚመስል ጥሩ ሥራም ግሪንች በሚገኘው የመርከበኞች መጦሪያ ተሰጠው።

አልተቀመጠም። በ1776 ከአሜሪካ በስተ ሰሜን የመርከብ መንገድ እንዲፈልግ ወጣ። በረዶ ዘጋውና ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተመለሰ። በዚህ ጉዞ ላይ ሰዎቹ እንደጻፉት ጠባዩ ተለውጦ ነበር፤ ቁጡ ሆኗል፤ ቅጣት አብዝቷል። በፌብሩዋሪ 1779 ሃዋይ ላይ አንዲት ጀልባ ተሰረቀችበት። ኩክ ጀልባዋ እስክትመለስ ንጉሡን ካላኒዖፑን መያዣ አድርጎ መርከብ ላይ ሊወስደው ታጣቂ ይዞ ወረደ። የሰው አገር ንጉሥ ከሰው አገር ሕዝብ መካከል ተይዞ ሲወሰድ ማን ዝም ይላል? ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ተኩስ ተነሣ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን ኩክ ከአራት ወታደሮቹ ጋር ባሕሩ ዳር ተገደለ። ከሃዋይም ሰዎች ብዙዎች ሞቱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሃዋዮች ከአስከሬኑ የቀረውን መለሱ። ሰዎቹ የማን እንደሆነ እንዴት አወቁ? ቀኝ እጁ ነበር። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያ የ1764 ጠባሳ አለ።

ወሬው ለንደን የደረሰው በጃንዋሪ 1780፣ ከአስራ አንድ ወር በኋላ ነው። ሚስቱ ኤልሳቤጥ 38 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ተጋብተው 16 ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ባሕር ላይ ነበር። ከወለደቻቸው ስድስት ልጆች ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። የቀሩት ሁለቱ ባሕር ኃይሉ ውስጥ ገብተው፣ አንዱ በ1780፣ ሌላው በ1794፣ በባሕር ሰጠሙ። ሦስተኛው ትምህርት ላይ ሳለ በ1793 በበሽታ ሞተ። እሷ እስከ 1835 ኖረች፤ 93 ዓመት ሆኗት ነበር። ከመሞቷ በፊት ኩክ የጻፈላትን ደብዳቤዎች አቃጠለች። ለባሕር ኃይሉ የጻፈው ግን አልጠፋም። በኢንደቨር ላይ በገዛ እጁ የጻፈው የጉዞ መዝገብ ዛሬ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ካንቤራ ከተማ ይገኛል። ጎመኑም፣ ቋጥኙም፣ የቴ ማሮም ሞት ውስጡ ተጽፏል።